አራት ነጥብ ሁለት

ረቡዕ ረቡዕ ነው ከመስኮቱ ኋላ የምቀመጠው፣
የወደብ ሠራተኛ ደብዳቤውን ይዞ ሲመጣ የማየው።
ማርሊስ እባላለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው፣ ጡረታን መስፈር፣
በሳንቲም፣ በዓመት፣ በመቶኛ ቁጥር።

ጥር ነበር። የዱሉዝ ወደብ ነጭ ድንጋይ ሆኗል፣
የድልድዩ ብረት የበረዶ ጢም አብቅሏል።
ዋይኖ ገባ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የብረት አፈር ጫኝ፣
ቃሉን የሚያወጣ እንደ ወርቅ መዛኝ።
ከጓንቱ ውስጥ ወረቀት መዘዘ፣
አራት ቦታ ታጥፎ በላብ የወዘ።

«ፈንዱ ስምንት ነጥብ አንድ አተረፈ ይላል፤
ከታች የኔ ስም አለ፣ አራት ነጥብ ሁለት ብሎ ይቋጫል።
አርቪድ እንደኔው ነው፣ ባንድ ቀን ተቀጥሮ ባንድ ፈንድ የገባ፤
ለሱ ስምንት ሞልቶ፣ የኔን እኩሌታ የወሰደው የቱ ነው ሌባ?»

ሌባ የለም፣ ዋይኖ።
ፈንዱ የሚያወራው ስለ አንዲት ዶላር ነው፣
ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ቁጭ ስላለችው፣
እህት ሳትጨመርላት፣ ሳትጠራ ለችግር፤
ያንተ ዶላሮች ግን፣ ሲገቡ ሲወጡ፣ ነበራቸው እግር።

እርሳስ አነሳሁ። መቶ አስገባህ እንበል በመልካም ዘመን፣
ሃምሳ ወልዳ ጠበቀችህ ዓመቱ ሲከደን።
ደስ አለህ። ሺህ ጨመርክ።
ዘመኑ ከፋና ከየአምስቱ አንዱ እንደ ጤዛ ሄደ፤
ሺህ አንድ መቶ የሰጠው እጅህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ወሰደ።
ፈንዱ «በሁለት ዓመት ሃያ በመቶ አደግሁ» ይላል፣ አልዋሸም፤
አንተ መቶ ሰማንያ ጎደለህ፣ አንተም አልዋሸህም።
እሱ የሚናገረው መንገዱን ነው፣ አንተ እርምጃህን፤
ዝናቡማ አንድ ነው፤ አዝመራን የሚለየው የዘሩበት ቀን።

ዝም አለ። ማሞቂያው ተንኳኳ።
«እንግዲያው ቀኖቹን አውጪልኝ።»

መጋቢት፣ ሁለት ሺህ ዘጠኝ። ወጪ፣ ሃያ ሁለት ሺህ።
ገበያው ከጉድጓዱ ወለል ተኝቶ ሳለ፣
ሁሉ በረከሰበት ሳምንት ዋይኖ ሸጠ፣ ቅጣቱንም ከፈለ።
ከዚያ ስድስት ዓመት ባዶ፤ አንድ ሳንቲም አልገባም፤
ሲመለስ ገበያው ሰማይ ነክቷል፣ በርካሽ አልገዛም።

«ይህ ምን ነበር?» አልኩት፣ ጣቴን ከመጋቢት ላይ አሳርፌ።
«ሬይኖ» አለ። «ታናሼ። የእናቴ ልጅ፣ ብቸኛው ትርፌ።
የወረቀት ፋብሪካው በሩን ሲዘጋ እሱ ጠርሙስ ከፈተ፤
ሁለት ጊዜ ከበረዶ ላይ አነሳሁት። አንድ ጣቱ ሞተ።
ጀልባ ገዛሁለት፣ አሮጌ፣ ሞተሯ የሚያስል፣ ከነመረቡ፤
በረዶው ሲለቅ፣ ሳይነጋ፣ ዛሬም ይሰነጥቅባታል ሐይቁን እስከ ልቡ።»

ከዚያ ጠየቀኝ፦ ባይወጣ ኖሮ ዛሬ ስንት ይሆን?
አሰላሁ። ደግሜ አሰላሁ። ዝቅ አደረግሁ ድምፄን።
ሰባ ዘጠኝ ሺህ፣ ዋይኖ።
በስልሳ አምስትህ አትወጣም ማለት ነው፤
ሦስት ዓመት ገና ከመጫኛው ላይ ቆመህ ልትገፋው።

ደረሰኝ እንደሚያይ ሰው ቁጥሩን ትኩር ብሎ አየ።
«ውድ ጀልባ ነች» አለ፤ ኮፍያውን አጠለቀና ትንሽ ቆየ።
«ጥሩ ጀልባ ግን ነች።»

በሳምንቱ ጋዜጣ የተጠቀለለ ዓሣ አገኘሁ መስኮቴ ላይ፣
በጢስ የበሰለ፣ ቆዳው የነሐስ መሳይ።
አርቪድም ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ይደርሰዋል አሉ፣
ያ ባለ ስምንቱ፣ ሒሳቡ የሞላው ሁሉ በሁሉ።

የሰንጠረዤን ዓምዶች አውቃቸዋለሁ፦ የገባ፣ የወጣ፣ ቀኑ፣ ቀሪው፤
ዓሣ የሚጻፍበት የለም። ፈልጌያለሁ፣ ከዳር እስከ ዳሩ ነው።
ቢሮው እስከ ማታ ጢስ ጢስ አለ።
ከዋይኖ ደብዳቤ ግልባጭ ላይ ዘይት ጠብ ብሎ
አረፈ፣ በአራቱና በሁለቱ መሃል፣ ልክ ነጥቧ ላይ።
አልጠረግሁትም።